ወደ ኋላ የሚያየው አንበሳ

«እውነተኛ ነው?» ይሉኛል፤ የድሮ ምልክት ይዘውልኝ የሚመጡ ሰዎች ሁሉ ገና ከበር ሳያልፉ የሚያወጡት ቃል ይኸው ነው። እኔም ነገሩን ወደ መስኮቱ ወስጄ፣ ገልብጬ አይቼ፣ «ነው» ወይም «አይደለም» እላቸዋለሁ። በዚህ በኩል የምታማ ሴት አይደለሁም። ግን በትክክለኛው ሰፊ እጅ፣ በትክክለኛው ክር፣ በትክክለኛው ዘመን ተሰፍቶ፣ አንድ ቀን እንኳ በርሮ በማያውቅ ሰው ደረት ላይ የዋለ የአብራሪ ክንፍ እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ? ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ሳገላብጠው ኖሬ መልስ አላገኘሁለትም። አሁንም ይህን ስጽፍ ተነሥቼ ወጥ ቤት ሄጄ፣ ምን ፈልጌ እንደሄድኩ ጠፍቶኝ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

ጉለሌ ተወልጄ ጉለሌ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጅ ትምህርት ቤት በሚሸኙበት ዕድሜ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያም ጡረታ እስክወጣ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ስደረድር፣ ተገልብጦ የገባ ሳቃና፣ ገጽ ያጠፈ ተማሪ ስቆጣ ኖርኩ። አመል ሆኖብኝ ደግሞ የድሮ የአየር ኃይል ምልክት እሰበስባለሁ፤ አብራሪዎች ደረታቸው ላይ የሚያደርጉትን ክንፍ፣ ከነሐስ የተመታውንም በወርቅ ክር የተጠለፈውንም። ነሐሱን በጥፍሬ ነው የምመረምረው። በማሽን የተመታ ላባ ጠርዙ ጥፍር ይይዛል፤ ከአሮጌ ላይ ቅርጽ ተወስዶ ቀልጦ የፈሰሰ ቅጂ ግን እንደተላሰ ከረሜላ ልስልስ ያለ ነው። የአንበሳው አክሊል በሞረድ ተበልቶ ከሆነ ብዙ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል፤ እኔ እንደዚያ ዓይነቱን ሳገኝ ደስ ይለኛል። አክሊል የሚያስፈራበት ጊዜ መጥቶ እንደነበር፣ ባለቤቱም ያን ጊዜ ክንፉን እንዳላወለቀ ይነግረኛል። ለቱሪስት ሲባል አክሊል እንደገና የተበየደለትም አጋጥሞኛል። የክሩን ደግሞ ከፊት አላየውም፣ ከጀርባው ነው። ሙካሽ የምንለው የድሮው የወርቅ ክር ውስጡ ብር ስለሆነ ከዘመን ብዛት ጠርዝ ጠርዙ ይጠቁራል፤ የፕላስቲኩ ምንም ቢያረጅ እንዳብረቀረቀ ነው። ከጠረጠርኩ አንዲት ጫፍ ቆርጬ ክብሪት አስጠጋባታለሁ። ከተኮማተረች አለቀላት።

የሚመጡት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ከቆራሌው ጆንያ የገዙትን፣ ከምናለሽ ተራ የብረት ክምር የለቀሙትን በመሐረብ ጠቅልለው ያመጣሉ። አንዱ ወጣት ሰብሳቢ፣ ሁለት ክንፍ በአንድ ቀን የጣልኩበት፣ «እማማ ሙሉ፣ እርስዎ ጋ ከመምጣት ማትሪክ ደግሞ መፈተን ይሻላል» ብሎኝ ሄዷል። ከሄደ በኋላ ሳቅኩ። ሰው ፊት ሳቅ አይሆንልኝም።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ግን ሜላት መጣች። ሜላት የዘነበች የልጅ ልጅ ናት፤ ዘነበች ደግሞ የልጅነት ጎረቤቴ፣ የአንድ ግቢ ያህል አብራኝ ያደገች ሴት። ልጅቷን እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት አያቷ ስለሆነች «እማዬ» የምትለው ዘነበችን ነው። ዝናቡ ሲያባራ ነጭ ሸራ ጫማዋን በጭቃ አበላሽታ ገባችና ከቦርሳዋ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ክዳኑ ሲከፈት የብል መድኃኒት ሽታ ወጣ። ወደ መስኮቱ መውሰድ አላስፈለገኝም። ከተቀመጥኩበት አየሁት፤ በወርቅ ክር የተጠለፈ ክንፍ፣ መሃሉ ላይ አክሊል የደፋ አንበሳ፣ አንበሳው ማየት የማይገባውን ጎን እያየ።

«የእማዬ ወንድም ክንፍ ነው፣ የታምራት። አውሮፕላን ላይ የሞተው» አለችኝ። «እርስዎ ከምልክት ላይ ብዙ ነገር ያውቃሉ ሲሉ ሰምቼ ነው። እ... ማለቴ፣ ምን ዓይነት አብራሪ እንደነበር፣ በምን እንደወደቀ የሚጠቁም ነገር ካለው።»

ለምን እንደፈለገችው ጠየቅኳት። አየር መንገዱ ለአብራሪነት ሥልጠና ካወዳደራቸው ውስጥ አልፋለች፤ መግቢያዋ እየደረሰ ነው። አያቷ ግን አንድ ሰው ለሰማይ ሰጥቻለሁ፣ ሁለተኛ አልሰጥም ብላ ቁጭ ብላለች። አታለቅስም፣ አትጮህም፤ ብቻ አትመርቅም። ልጅቷ ተስፋ ያደረገችው፣ ታምራት የወደቀው በጦርነት ተመትቶ እንጂ አውሮፕላኑ ራሱ ከድቶት እንዳልሆነ ከታወቀ አያቷ ትለዝብ ይሆናል ብላ ነው።

«ያለ ምርቃቷ ብትሄጂስ?» አልኳት።

«ሄጄ ምን ልሆን ነው፣ እማማ ሙሉ? እኔ በተነሣሁ ቁጥር እሷ እዚህ ልትሞት? አልሄድም።»

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። እኔ ነኝ መቀመጥ ያቃተኝ። መጋረጃውን ሰበሰብኩ፣ መልሼ ዘረጋሁት፣ ክንፉ እኔ ጋ ይሰንብት፣ ራሴ ይዤው እመጣለሁ አልኳት። ስትወጣ ከጫማዋ የረገፈውን ጭቃ እየጠረግኩ፣ በሐሳቤ ከሃምሳ ዓመት በፊት ወደነበረ አንድ ሱቅ ሄድኩ።

የመሪጌታ ላቀው ሱቅ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወረድ፣ የሸማኔዎቹ መወርወሪያ ድምፅ ሳይርቅ፣ መታጠፊያው ላይ ነበር። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ታመው ከቅኔ ማሕሌት ከወጡ በኋላ በጥልፍ ሥራ ነበር የሚተዳደሩት፤ የካህናት ካባ ላንቃ፣ ድባብ። እኔን ክር ለማጠንጠን የወሰዱኝ ገና ፊደል ሳልለይ ነው። ታዲያ በከተማው ወርቀ ዘቦና ሙካሽ እንደ እርሳቸው የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ከደብረ ዘይት የአየር ኃይል መኮንኖች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ የደረት ክንፍ ያሰፉ ነበር። የሱሪያቸው ተኩስ ጣት የሚቆርጥ፣ መነጽራቸው ጥቁር፣ ፀጉራቸው በቅባት የተኛ። እኛ ሴቶቹ በኮንጎ ጫማና በናይለን ቀሚስ፣ አንገታችንን ደፍተን በዓይናችን ጠርዝ። ጥጉ ላይ ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል፤ ሳክስፎኑ ሲያለቅስ መሪጌታ በመርፌያቸው ምት ይዘው ይከተሉታል፤ ሰው እንደሰማቸው ካወቁ ግን ፊታቸውን ይቋጥራሉ። ሻይ አምስት ሳንቲም፣ ቦንቦሊኖ አሥር። ዛሬ እዚያ መታጠፊያ ላይ የሞባይል ጥገና አለ፤ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን አስገብቼ የምፈልገው ያለኝ ይመስል እቆማለሁ፣ ልጁም «ምን ነበር እናቴ?» ይለኛል።

ሥራው እንዲህ ነበር። ሥዕሉ በወረቀት ላይ ይሣልና መስመሩ ሁሉ በመርፌ ይበሳል። ወረቀቱ ጨርቁ ላይ ተነጥፎ የከሰል ዱቄት በቋጠረ ጨርቅ መታ መታ ሲደረግ፣ ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ ወርዶ ሥዕሉን ያትመዋል። በዚያ ነጠብጣብ ላይ ነው የሚጠለፈው። ከጀርባው ደግሞ መሪጌታ አበባ ያለበት የካባ ላንቃ ቅዳጅ ነበር የሚያስገቡበት፤ ለቤተ ክርስቲያን የተቆረጠ ጨርቅ ቁራጩ እንኳ መሬት ወድቆ መረገጥ የለበትም ብለው በከረጢት ያጠራቅሙት ነበርና። ስለዚህ የእኛ ሱቅ ክንፍ ጀርባው ሐምራዊ አበባ ያለበት ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎቹ ያንን አበባ ሲያዩ «ይሄማ የመጋረጃ ጨርቅ ነው፣ ሐሰተኛ ነው» ይላሉ። ስንቱን ክንፍ ከመጣል አስጥያለሁ።

ወረቀቱን ማንጠፍ የእኔ ሥራ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ መስቀል ነው፣ ሐረግ ነው፤ ወረቀቱ በየትኛው ፊቱ ቢነጠፍ ለውጥ የለውም። ፊትና ጀርባ አለው ብሎ የነገረኝም የለም። አንድ ቀን የአንዱን ሻምበል ክንፍ ገልብጬ አነጠፍኩት። ክንፎቹ ግራና ቀኝ አንድ ናቸው፤ የዞረው አንበሳው ብቻ ነው። የመሪጌታም ዓይን መድከም ጀምሮ ነበር፣ ነጠብጣቡን ተከትለው ጠለፉት። ሻምበሉ ቅዳሜ መጥቶ ደረቱ ላይ አድርጎ በመስታወት አየና መሳቅ ጀመረ። ክንፍ የሚደረገው በግራ ደረት ነው፤ አንበሳው ደግሞ ወደ ሸሚዙ ቁልፍ፣ ወደ መሃል ማየት ነበረበት።

«መሪጌታ፣ ይሄ አንበሳ እኮ ብብቴን ነው የሚያሸተው» አለ።

ሱቁ ውስጥ ያለ ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ክሩ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም። መሪጌታ አልተቆጡኝም። አንበሳ ነገር መርምሮ ነው የሚበላው፣ ምን ታውቃለህ፣ ብለው ሌላ ሠሩለትና ያንን መሳቢያ ውስጥ ጣሉት።

የደብረ ዘይቶቹን ትዕዛዝ የሚያመላልሰው ታምራት ነበር፤ የጉለሌ ልጅ፣ የዘነበች ታላቅ ወንድም፣ ቤታቸው ከሱቁ ፊት ለፊት። እናቱ እማማ አመለወርቅ ልጃቸው አየር ኃይል ከገባ ማግስት ጀምሮ ለሰፈሩ «አብራሪው ልጄ» ነበር የሚሉት። ታምራት ግን አብራሪ አልሆነም። የዓይን ምርመራው ላይ ቀዩን ከአረንጓዴው መለየት አቅቶት ወደቀ፤ ፓራሹት ክፍል መደቡት። ይህን ሱቁ ውስጥ ትዕዛዝ ሲጠብቅ ቀስ ብሎ ነው የነገረኝ። አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ የፓራሹቱን ሐር በላዩ ዘርግቶ መስመር በመስመር እያመሳከረ ማጠፍ ነው፤ አንዲት ገመድ ከተዛነፈች አይከፈትም፣ ሰውየውም ይህን የሚያውቀው አየር ላይ ነው። ይህን ሲያስረዳኝ እጆቹ በባዶው ያጥፉ ነበር። እኔም ክሬን ትቼ እጆቹን አይ ነበር። እዚህ ላይ ሌላ ነገር አልጽፍም፤ አንባቢ የገባውን ይውሰድ።

አንድ ቀን መሳቢያው ውስጥ ያለውን ክንፍ አይቶ ለአንድ ፎቶ ብቻ ስጡኝ አላቸው መሪጌታን። እናቱ ጎረቤት የሚያሳዩት ፎቶ ፈልገው አስጨንቀውታል። መሪጌታ ይህን አንበሳ ማንም አይፈልገውም፣ ውሰደው አሉት። ታምራት ከአንድ ጓደኛው ኮትና ኮፍያ ተውሶ፣ ፒያሳ ፎቶ ቤት ገብቶ ተነሣ። በፎቶው ላይ ትንሽ ፈገግ ብሏል፤ ግራ ትከሻውን ከፍ ያደረገው ፎቶ አንሺው ነው፣ ክንፉ እንዲታይ።

እማማ አመለወርቅ ፎቶውን በፍሬም አድርገው ከሰቀሉ በኋላ ለጥቂት ሳምንት እንደ እርሳቸው የኮራ ሰው ጉለሌ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ አውሮፕላን መስማት ጀመሩ። በፊትም ያልፍ ነበር እኮ፤ ሰምተውት አያውቁም። አሁን ግን ድምፅ በመጣ ቁጥር ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ እንደጣሉ በር ላይ ይወጣሉ፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው እስኪጠፋ ይከተሉታል፣ ከጠፋም በኋላ ይቆማሉ። ምግብ ቀነሱ። እንጦጦ ማርያም ዳገቱን በእግራቸው እየወጡ የሚሳሉት ስለት በዛ። እኔ ከሱቁ ሆኜ አያቸዋለሁ፤ ልጃቸው በዚያች ሰዓት መሬት ላይ፣ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ሐር እያጠፈ መሆኑን የምናውቀው እኔና መሪጌታ ብቻ ነን። መሪጌታም ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ።

ታምራት ሲመጣ ሻይ ቤቱ ጥግ ጠብቄ አስቆምኩት።

«እናትህ ሰማይ ስታይ አንገቷ ሊቀር ነው። ንገራት» አልኩት።

«እነግራታለሁ። ከሰው አትስማው፣ ከእኔ ትስማ። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ያኔ እነግራታለሁ። እስከዚያ አደራ፣ ሙሉ።»

«እስከ ፋሲካ ነው» አልኩት እኔ፤ ያኔም ቢሆን ነገር ተቆርጦ እንዲቀመጥ ነው የምፈልገው።

ለፋሲካ አልመጣም። ወደ ሰሜን ከተላኩት ጋር ሄዶ ነበር። በበዓሉ ማግስት ባሉት ሳምንታት ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች መጥተው እናቱን በግዳጅ ላይ ተሰዋ አሏቸው። ያሉት ይህንኑ ነው። የት፣ እንዴት፣ ምን ላይ ሆኖ፣ ያለ የለም፤ የጠየቀም የለም። ፎቶው ግድግዳው ላይ እያለ ማን ይጠይቃል? አስከሬን ስላልነበረ አልጋው ላይ ልብሱን ዘረጉ፣ ክንፉን በላዩ አኖሩ። አልቃሿም ክንፉን በእጇ ከፍ አድርጋ ስለ ንስር፣ ስለ ደመና፣ ከሰማይ ስለማይመለስ መንገደኛ ገጠመች። ሰዉ ሁሉ ስለ ሰማይ ያለቅሳል። እኔ ስለ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለቅስ ነበር።

ከዚያ በኋላ እማማ አመለወርቅ ሰማይ ማየት ተዉ። በር ላይ መቆም ቀርቶ አውሮፕላን ሲሰሙ መስኮት ይዘጋሉ፤ ሲሄዱም አንገታቸውን ደፍተው እግራቸው ሥር ብቻ እያዩ ነው። አክሊል ያለው ነገር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ የሚያስጠይቅበት ጊዜ ሲመጣ፣ የክንፉን አክሊል እንድፈታላቸው አስጠሩኝ። መቀስ ይዤ ስሄድ፣ ዛሬ ንገሪያቸው፣ ለብቻችሁ ናችሁ፣ እያልኩ ነው የሄድኩት። ስደርስ ሐሳባቸውን ለውጠው ክንፉን ትራሳቸው ውስጥ ሰፍተውት አገኘኋቸው። ትራሱን አቅፈው «ምንም አይንካብኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ምን ብዬ ልጀምር? መቀሱን ይዤ ተመለስኩ። እርሳቸውም ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ፣ እንዳቀረቀሩ።

የማታ ትምህርት የገባሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ምልክት መሰብሰብም የጀመርኩት እንደዚያው። ሰው ለምን ይህን እንደምወድ ሲጠይቀኝ ስለ ጥልፍ አወራለሁ፣ ስለ ሙካሽ አወራለሁ፤ ውሸት አይደለም። ግን እያንዳንዱ ነሐስ ከአንድ ጡረታ የወጣ ሰው እጅ ነው የሚመጣው፤ እኔም ምልክቱን ከመረመርኩ በኋላ እንዲያው ለወግ ያህል፣ ታምራት የሚባል ፓራሹት ክፍል የነበረ ያውቁ እንደሆነ እጠይቅ ነበር። ብዙዎቹ አያውቁም። በመጨረሻ አንድ አሮጌ ቴክኒሻን፣ ከዘራ የያዘ፣ የጓደኛውን ምልክት ሊያስመረምር መጥቶ ከወንበሩ ቀና አለ። «ታምራት አጣፊው? የጉለሌው?» አለኝ። አብረው ነበሩ። ሰሜን ላይ ዕቃ በጭነት መኪና ሲያጓጉዙ መንገድ ላይ የተቀበረ ፈንጂ ነው ታምራትን የገደለው። ቴክኒሻኑ ከኋላ በነበረችው መኪና ላይ ነበር። «አንድ ቀን አብራሪዎቹ ይዘውህ ይበራሉ እያልን እናሾፍበት ነበር እኮ» አለ፤ «አንድም ቀን አልተሳፈረም።» ያንን ሰውዬ ስሸኝ የግቢው በር እንዴት እንደሚከፈት ጠፋብኝ።

እንግዲህ ይህንን ሁሉ ይዤ ነው ዕድሜዬን የኖርኩት። ሜላት በአንድ ወቅት የታምራትን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፋው ኖሮ ሰብሳቢዎቹ አይተውት፣ ወደ ኋላ የሚያይ አንበሳ የተለየ ኮርስ ምልክት ነው፣ በጣም ብርቅ ነው፣ የሚል ታሪክ ፈጥረውለታል። እኔ ፊት ሲከራከሩበት ዝም ብዬ መነጽሬን እወለውላለሁ። አሁን ግን ዝምታዬ አንዲት ልጅ መሬት ላይ ሊያስቀራት ነው። ብናገር ደግሞ ዘነበች ዕድሜዋን ሙሉ በዕድሩም በማኅበሩም «የአብራሪው እህት» ተብላ የኖረችበትን አንድ ነገር ከእጇ መንጠቅ ነው። ያንን ሳምንት ሁለት ዓይነት ካልሲ አድርጌ ገበያ ሄጃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቆርቆሮውን በፌስታል ይዤ በሚኒባስ ወደ ሸጎሌ ወጣሁ፤ ዘነበች አሁን እዚያ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምትኖረው። የሚነዱ በሬዎች መንገዱን ዘግተው ስለነበር ቆምን፤ ወርጄ ልመለስ ብዬ እጄ በሩን ይዞት ነበር። ስደርስ ዘነበች ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ሜላት ልብስ ታጥፋለች።

«ዛሬ ደግሞ መጽሐፎችሽን ማን ጠበቀልሽ?» አለችኝ ዘነበች። «ወይስ ስህተት አግኝተሽብኝ ነው የመጣሽው?»

ቁጭ አላልኩም። ቁጭ ካልኩ ሻይ ይመጣል፣ ሻይ ከመጣ ስለ ጉልበት ሕመም እናወራለን፣ ከዚያ ይመሻል።

«ዘኔ፣ ታምራት አብራሪ አልነበረም» አልኳት።

እጇ ምስሩ ላይ መሄዱን አላቆመም። «ምን አልሽ?»

«ፓራሹት ነበር የሚያጥፈው። አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም።»

ሳቀች። ከዚያ ግድግዳውን አሳየችኝ፤ ፎቶው እዚያው ነበር። ክንፉን የሠራነው እኛ መሆናችንን፣ አንበሳው የዞረው ወረቀቱን ገልብጬ ስላነጠፍኩት መሆኑን፣ ሻምበሉ አልቀበልም ብሎ መሳቢያ ውስጥ የቀረ መሆኑን ነገርኳት። ኮቱ የማን እንደነበር ነገርኳት። ቆርቆሮውን ከፍቼ ክንፉን ገልብጬ ሐምራዊውን አበባ አሳየኋት። ሜላት የያዘችውን ሸሚዝ ግማሹን አጥፋ ቆማለች። ዘነበች አንዲት ጠጠር ከምስሩ ውስጥ አውጥታ መዳፏ ላይ ይዛ ቆየች።

«እናቴ ሰማይ እንዳታይ አንገቷን ደፍታ ነው የሞተችው» አለች። «አንቺ በር ላይ ቆመሽ ታያለሽ።»

«አደራ ነበረብኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ፋሲካ።»

«የትኛው ፋሲካ?»

ከኮንዶሚኒየሙ ሥር አንድ ሰው ጎረቤቱን በስሙ እየጠራ መኪናውን እንዲያነሣ ይለምናል። ዘነበች ጠጠሯን ሰፌዱ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ በምን ሞተ አለችኝ። በመኪና፣ መንገድ ላይ፣ አልኳት። ከቴክኒሻኑ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት።

«በመኪና» አለች። «እኔ እኮ ስንት ዘመን ሰማዩን እየፈራሁ፣ በየቀኑ ሚኒባስ እሳፈራለሁ።»

ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር፣ ከደረቷ የሆነ ድምፅ ወጣ። ሜላት ልትጠጋት ስትል በእጇ ከለከለቻት። ከዚያ የተጠራቀመውን ምስር ወደ ዳር ገፋ አደረገችና የልጅቷን ስም ጠራች።

«ነይ እዚህ። እዚያ ስትገቢ አውሮፕላንሽን መሬት ላይ የሚያሰናዳልሽ ሰው ይኖራል። ስሙን ጠይቂው። የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቂው። ሳትጠይቂ አትነሺ።»

«እሺ፣ እማዬ» አለች ሜላት።

«በይ ቅረቢ።»

ልጅቷ ሰፌዱ ፊት ተንበረከከች፤ ዘነበች ምስር የነካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጭንቅላቷ ላይ ጫነችው። ምርቃቱን አልሰማሁትም፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ እኔም ወደ በሩ ዞሬ ነበር። ሲያበቃ እኔን አየችኝ። ፊቷ ላይ የማውቀው ነገር አልነበረም።

«አንቺ ዛሬ ሂጂ፣ ሙሉ» አለች። «አልጣላሽም። ግን ዛሬ ሂጂ።»

ፌስታሌን አጥፌ ያዝኩ። ሜላት እንባዋን ሳትጠርግ ልትሸኘኝ ተነሣች፣ ደረጃው ጨለማ ነው፣ እስከ ታች ላድርሳቸው እያለች። ዘነበች ሰፌዱን ወደ ጭኗ መልሳ ሳበችው።

«ተያት» አለች፤ «መንገዱን ታውቀዋለች።»